ጠይቁን፦ የሚጎተተው ሸክላና የመዝሙሩ ባለቤት

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ትንሽ ሸክላ ሲጫወት የዘፋኟ ድምፅ ወፍሮ ይጎተታል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሸክላው ደህና ነው፣ ፍጥነቱን ያስተካክሉ። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሸክላዎች በአብዛኛው የተቀረጹት በደቂቃ 45 ጊዜ እንዲዞሩ ነው። ማጫወቻው 33 ላይ ከሆነ ፍጥነቱ በሩብ ያህል ይቀንስና ሴቷ ወንድ ትመስላለች። የመሐሉ ቀዳዳ ሰፊ (38 ሚሊ ሜትር ገደማ) ከሆነ ደግሞ መሙያ ቀለበት ይግዙለት። በዓይን ግምት ካስቀመጡት መሐሉን ይስትና ዜማው ይዋዥቃል።

ዘፈኖቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ መሆናቸውም የዘፋኞቹ ስንፍና አይደለም! ረዥም ዘፈን ለማስገባት መርፌው የሚሄድባቸው የሸክላው መስመሮች መጠጋጋት አለባቸው፤ ሲጠጋጉ ድምፁ ይደክማል፣ «ሽሽ» የሚለው ጫጫታ ይጎላል። ወደ መሐል ሲቃረብ መርፌው በአንድ ዙር የሚጓዘው መንገድ ስለሚያጥር ቀጫጭን ድምፆች ይሻክራሉ። ስለዚህ ረዥሙ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ገጽ ይታተም ነበር።

ጥያቄ፦ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ማን ነው?

መልስ፦ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ያስተማረውም እሱው ነው።