የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤት ልጎበኝ ነው፤ ምን ልይ? ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ በኪኔሲዮሎጂ (የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት) የመጀመሪያ ዲግሪዬን ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ለፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት ፒቲካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት በኩል አመልክቼ ሁለት ትምህርት ቤቶች መጥተሽ ጎብኚን ብለውኛል። አንዱ ነባር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሌላው በቅርቡ የተከፈተ የግል ኮሌጅ ሲሆን ከነባሩ ቶሎ ያልቃል፤ የትምህርቱ ግማሽ በኦንላይን ነው፤ እውቅናው ላይ ደግሞ «እጩ» የሚል ተጽፏል። ሕንፃውና ዕቃው ግን ከነባሩ እጅግ ያምራል። እንዲህ ያለ ጉብኝት ሄጄ አላውቅም። ምን ልይ? ብዙ ብጠይቅስ «አስቸጋሪ ናት» ብለው ይተዉኝ ይሆን?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከመጨረሻው ልነሳና፣ ጠይቂ። ለዓመታት ሊያስተምርሽ የሚፈልግ ትምህርት ቤት በጥያቄ አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነም ሳትገቢ ብታውቂው ይሻላል።

እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ለልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን እቀበላለሁ። ታካሚ ከአልጋ ሲያስነሱ ቆሜ ሳይ እንዴት እንደተማሩ ወዲያው ይገባኛል። አንዳንዷ የታካሚውን ወገብ ቀበቶ ጨብጣ እግሯን አስተካክላ ትቆማለች። ሌላዋ ንድፈ ሐሳቡን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ሰው ስትነካ ግን እጇ ይፈራል። ሁለቱም ጎበዝ ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው የተማሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ በጉብኝትሽ ቀን ከሁሉ አብልጠሽ እንድትመለከቺ የምፈልገው የተማሪን እጅ እንዴት እንደሚያሠለጥኑ ነው።

የተግባር ክፍሉን ባዶውን ሊያስጎበኙሽ ይችላሉ፤ አልጋው በመደዳ ተነጥፎ፣ ዕቃው ተወልውሎ። ከባዶ ክፍል የምትማሪው ነገር የለም። አስቀድመሽ ጻፊላቸውና ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ጥግ ይዤ ልቀመጥ በያቸው። ከገባሽ በኋላ ዓይንሽ አስተማሪው ላይ ይሁን። ተማሪዋ የጓደኛዋን ጉልበት መታጠፍ በጎኒዮሜትር፣ ማለትም ሁለት ክንድ ባለው የማዕዘን መለኪያ፣ እየለካች ነው እንበል። የመለኪያው መሐል ከጉልበቱ ውጫዊ ጎን በምትዳሰሰው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ ማረፍ፣ አንዱ ክንድ ወደ ዳሌ፣ ሌላው ወደ ቁርጭምጭሚት ማመልከት አለበት። ተማሪዋ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው። አንዱ አስተማሪ መለኪያውን ይቀበላትና ራሱ ለክቶ ያሳያታል። ሌላዋ አስተማሪ መለኪያውን አትነካውም፤ የልጅቷን ጣት ይዛ ጉብታው ላይ ታሳርፍና «አገኘሽው? በይ አሁን አንቺ አስቀምጪ» ትላታለች። እንደ ሁለተኛዋ ያሉ አስተማሪዎች ያሉበትን ቦታ እኔ በሕንፃ አልለውጠውም። በክፍሉ ውስጥ ለስንት ተማሪ ስንት አስተማሪ እንዳለም ቁጠሪ። አስተማሪ አጠገቧ ሳይደርስ ክፍለ ጊዜው የሚያልቅባት ተማሪ ስህተቷን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች።

የኦንላይኑን ነገር በደፈናው አልነቅፍም። ፊዚዮሎጂና የምርምር ዘዴ በስክሪን ይማሩታል። ጉልበት ግን በስክሪን አይዳሰስም። ስለዚህ አዲሱን ኮሌጅ በዓመት ስንት ቀን ካምፓስ እንደምትገኚ፣ በመሃል ባሉት ሳምንታት ደግሞ በማን ላይ እንደምትለማመጂና ማን እንደሚያርምሽ ጠይቂው።

የአናቶሚ ላብራቶሪውንም አሳዩኝ በይ። ተማሪዎቹ አስከሬኑን ራሳቸው ይከፍታሉ ወይስ ተዘጋጅቶ የቀረበ ያያሉ? በአንድ አስከሬን ዙሪያ ስንት ሰው ይቆማል? እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ አካላቸውን ለትምህርት የለገሱ ናቸው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና ሥነ ሥርዓት ያደርጉላቸዋል። ላብራቶሪውን የሚያሳይሽ ሰው ስለ ለጋሾቹ በምን ድምፅ እንደሚናገር አድምጪ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሞተው ሰው አክብሮት ያልተማረ ተማሪ መናገር ለተሳነው ታካሚዬ ይኖረዋል ብዬ አላምንም።

ስለ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በይ። የሚያስጎበኙሽ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ዓመቶች ናቸው፤ ተመራቂው ባች ልምምድ ላይ ስለሆነ ካምፓስ ውስጥ አታገኚውም። አንቺ ደግሞ በጣም የምትፈልጊው እነሱን ነው። የአንዱን ኢሜይል ለምኚና በስልክ አውሪ። «ልምምድ የት ደረሰሽ? ራስሽ መረጥሽ ወይስ በዕጣ ነው? ቤት ኪራዩንና መጓጓዣውን ማን ቻለው?» በያት። የእውቅና መስፈርቱ ቢያንስ 30 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ልምምድ ያዛል። በዚያን ጊዜ ደመወዝ አይጠበቅም፤ የትምህርት ክፍያው ግን ይቀጥላል። ሌላ ስቴት ከተመደብሽ ሁለት ኪራይ ልትከፍይ ትችያለሽ። በጉብኝት ቀን ማንም ፈቅዶ የማያነሳው ወጪ ይህ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ታላላቆችሽ በዚህ ብድር ነው የተማሩት፤ የእነሱ ምክር ለአንቺ ላይሠራ ይችላል። የፋይናንስ ቢሮውን ሳታነጋግሪ ከካምፓሱ አትውጪ።

ቁጥሮቹን ከቤትሽ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ። እውቅና ሰጪው ኮሚሽን፣ ካፕቲ፣ ትምህርት ቤቶች የምረቃ፣ የፈቃድ ፈተናና የሥራ ውጤታቸውን በይፋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። በፈተናው በኩል የሁለት ዓመቱ አማካይ ከ85 በመቶ በታች እንዲወርድ አይፈቅድም። ነገር ግን ይህ አሃዝ ደግመው ደጋግመው ተፈትነው ያለፉትንም ይጨምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ ስንቱ እንዳለፈ ለይተሽ ጠይቂ። ከጎኑ ደግሞ የምረቃውን አሃዝ አስቀምጪ። ደካማ ተማሪውን በመሃል የሚያሰናብት ትምህርት ቤት የፈተና ውጤቱ ማማሩ አይቀርም፤ የተሰናበተው ፈተናው ላይ አልተቀመጠማ! «አንድ ተማሪ አንድ ኮርስ ቢወድቅ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለሽ መምህሩንም ተማሪውንም ለየብቻ ጠይቂ፤ መልሳቸው ከተለያየ የተማሪውን እመኚ።

በስምና በዝና አትጨነቂ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ እውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚሰጡት ይኸው ዶክትሬት ነው፤ ፈተናውም አንድ ነው፤ ማለፊያው ለሁሉም 600 ነጥብ ነው።

«እጩ» የሚለው ቃል ግን ሊያስጨንቅሽ ይገባል። እጩ ማለት ኮሌጁ ተማሪ ተቀብሎ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት ነው፤ ሙሉ እውቅና እንደሚያገኝ ዋስትና የለውም። ውሳኔው የሚመጣው የመጀመሪያው ባች ለምረቃ ሲቃረብ ነው። እውቅናው ቢከለከል የፈቃድ ፈተናውን መቀመጥና ፈቃድ ማግኘት ችግር ውስጥ ይገባል። እጩ ሆነው ጀምረው ዛሬ ጥሩ ስም ያተረፉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ስለዚህ ዝም ብለሽ አትሽሺው። አንቺ የስንተኛው ባች እንደምትሆኚ፣ ኮሚሽኑ መቼ እንደሚወስን፣ ባይሳካ ተማሪዎቹን የት እንደሚያዛውሩና ክፍያውን ይመልሱ እንደሆነ ጠይቂ። በቃል የተነገረሽን አትቀበይ። ወንበር ማስያዣ የሚሉት ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ እሱን ሳትከፍይ በፊት መልሱን በጽሑፍ ይላኩልሽ። ካልላኩ ነባሩን ያዢ።