ለእንጦጦ ስንት ቀለም ይበቃል?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥቼ መልክዓ ምድር መሳል ጀምሬያለሁ፣ በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን፣ ቶሎ በሚደርቅ ቀለም) ነው። ባለ 24 ቀለም ሳጥን ልግዛ ወይስ ጥቂት ቱቦ ይበቃኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳጥኑን ተወው። ዳገቱን ተሸክመኸው ወጥተህ ግማሹን ሳትነካው ትመለሳለህ። ስድስት ቱቦ ይበቃሃል፦ ቲታኒየም ነጭ (ተለቅ ያለውን ግዛ፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ደማቅ ሎሚ ቢጫ፣ የሎው ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና አንድ ቀይ። አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለውን ቀይ እለፈው፤ የጥንቱ ዓይነት ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ ክዊናክሪዶን የሚባለው ቀይ ይሻልሃል።

አረንጓዴስ? አትግዛ። የቱቦ አረንጓዴ እንዳለ ከተቀባ ባሕር ዛፉን ፕላስቲክ ያስመስለዋል። አልትራማሪንና ኦከር ቀላቅልና ነጭ ጠብ አድርግበት፣ ያ ግራጫ የሚመስለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይመጣልሃል። ለመስከረም አደይ አበባ ግን ኦከር አይሆንም፣ ንጹሑን ቢጫ ነው የምትፈልገው። ለጥላ ጥቁር ቀለም አያስፈልግህም፤ አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲደባለቁ ወደ ጥቁር የተጠጋ ቀለም ይሰጡሃል፣ ሰማያዊውን ስታበዛ ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል።

በል፣ ከሳጥኑ በተረፈህ ገንዘብ ውሃ መርጫ ግዛ። እዚያ ላይ ፀሐይና ንፋሱ አክሪሊኩን ፓሌቱ (ቀለም መቀላቀያው) ላይ ያደርቁብሃል።