ነፃ የዓይን ሕክምና ዘመቻ በገጠር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የዓይን ሕክምና ነርስ ነኝ። በአማራ ክልል ገጠር በሚካሄዱ ነፃ የዓይን ሕክምና ዘመቻዎች ላይ በበጎ ፈቃድ እሳተፋለሁ። ስለ ዘመቻዎቹ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከአገር ቤትም ከውጭም ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ሲስተር፣ በዘመቻ በብዛት የሚታከመው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር። አንደኛው የዓይን ሞራ ነው። ሁለተኛው ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ መዘዝ ነው፤ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር። ትራኮማ ብሌን ላይ የሚተወው ጠባሳ ደግሞ 11.5 በመቶውን ይይዛል።

ሞራ ይገፈፋል። የደፈረሰው ሌንስ በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ታካሚው ዓይኑ አካባቢ ማደንዘዣ ይወጋል እንጂ እንቅልፍ አይወስደውም። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ያያል። የትራኮማ ጠባሳ ግን እንዲህ አይደለም። ብሌኑን አንዴ ከሸፈነው በዘመቻ የምናደርግለት ነገር የለም። ስለዚህ ፀጉር የሚወጋው ሰው ቶሎ መምጣት አለበት።

እናቴ ደቡብ ጎንደር ገጠር ናት። የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ እየነቀለች ነው የምትኖረው። ቀዶ ሕክምና አትፈልግም፤ «ጎረቤቴ ተሠርታ ተመልሶባታል» ትላለች። ምን ልበላት?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስጋቷን አታጣጥልባት። እውነት ነው፣ ይመለሳል። በዚሁ በአማራ ክልል ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን ያወዳደረ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በአንደኛው ዘዴ ከተሠሩት 22 በመቶው፣ በሌላኛው ከተሠሩት 13 በመቶው ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ «አይመለስም» ብለህ ብታግባባት፣ ከተመለሰባት ሁለተኛ አታምንህም። የሠፈሩ ሴቶችም አያምኑንም።

እንዲህ በላት። ከመቶ አብዛኞቹ ይድናሉ። ቢመለስም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ጥቂት ፀጉር ነው፤ እንደገናም ይሠራል። በወረንጦ የተነቀለው ፀጉር ግን በየጊዜው መልሶ ይበቅላል፤ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ያው ብሌኑን መፋቁ አይቀርም።

ዘመቻ እስኪመጣ አትጠብቁ። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ በብዙ ወረዳዎች በጤና ጣቢያ ይሰጣል። በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቃት። እናትህ ከተሠራች በኋላ የትራኮማ መድኃኒት የሆነው አዚትሮማይሲን ይሰጣት እንደሆነም ጠይቅ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ ሲወሰድ የመመለስ ዕድሉን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ስፌት የሚወጣበት ቀን ከተነገራት ደግሞ ገበያም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን አትቅር።

በትራኮማ ፀጉር ከሚወጋቸው ሰዎች ሴቶች ለምን ይበዛሉ?

ትራኮማ በብዛት ያለው ሕፃናት ላይ ነው። ሕፃን የምታቅፈው፣ አፍንጫና ዓይኑን በነጠላዋ የምትጠርገው እናት ናት። ከልጅነት እስከ እናትነት ደጋግሞ ይይዛታል። ጠባሳው የሚመጣው ከዚያ ድግግሞሽ ነው።

የትራኮማ መድኃኒት በየዓመቱ ይታደላል። ታዲያ በሽታው ለምን አይጠፋም?

ዕደላው ብዙ ሠርቷል፣ ሊናቅ አይገባም። አዚትሮማይሲኑን ፋይዘር በነፃ ነው የሚሰጠው፤ በጎ ፈቃደኞች በየቀበሌው መጠኑን ለመወሰን ቁመት በዱላ እየለኩ ያድላሉ። ከስድስት ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ግን በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው የምትራባው። ሽንት ቤት ከሌለ ዝንቧ አለች። የልጁ ፊት ካልታጠበ ደግሞ ዝንቧ ታርፍበታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄድ ሴት ፊት ቆሞ «የልጆችሽን ፊት በየቀኑ እጠቢ» ማለት በጣም ያሳፍረኛል። በአንዲት እንስራ ምግብ ታበስላለች፣ እንግዳ ታጠጣለች፣ ጥጃም ታጠጣለች። ያቺን ሴት ከማስተማር በፊት የውኃ ጉድጓድ መቆፈር ይቀድማል። ውኃ ቢሮና ጤና ቢሮ አብረው ካልሠሩ እኛ ቀዶ ሕክምና ስንሠራ እንኖራለን።

ዋሽንግተን የምኖር ነርስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር መድኃኒትና መሣሪያ ይዘን መምጣት እንፈልጋለን።

ኑ፣ እንፈልጋችኋለን። ግን ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት የምትሠሩበትን ሆስፒታል አነጋግሩ። የሙያ ፈቃዱም፣ የመድኃኒቱ ማስገቢያም በጋባዡ ተቋም ጥያቄ ነው የሚጀመረው፤ ጊዜም ይወስዳል። ቦሌ ደርሶ ጉምሩክ ላይ መቆም ልብ ይሰብራል።

መድኃኒት ከሆነ የአገልግሎት ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ይላል። ሊያልፍበት ጥቂት ወር የቀረው መድኃኒት ለእኛ የማስወገጃ ወጪ ነው። መሣሪያ ከሆነ የኛ መብራት 220 ቮልት መሆኑን አትርሱ። የአሜሪካ ማሽን በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። መለዋወጫው አገር ውስጥ የማይገኝ ማሽንም ይቅርባችሁ፤ በመጀመሪያው ብልሽት መጋዘን ይገባል።

የሕክምና ተማሪ ነኝ። ዘመቻ ላይ ቀዶ ሕክምና መለማመድ ይቻላል?

አይቻልም። የገበሬ ዓይን መለማመጃ አይደለም። ከተማ ላይ ብቻህን እንድትሠራ ያልተፈቀደልህን ገጠርም አትሠራውም። ግን ና። የማየት መጠን መለካት፣ ጠብታ ማድረግ፣ ታካሚ መደገፍ፣ መዝገብ መያዝ የምርጦች ሥራ ነው። የትኛው ዓይን እንደሚሠራ ግንባር ላይ ምልክት የሚያደርገው ሰው ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

አባቴ ወረፋ ጠብቆ «ይሄ ሞራ አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። አድልዎ ተደርጎበት ይሆን?

እህቴ፣ እዚያ ስላልነበርኩ ስለ አባትሽ መናገር አልችልም። ብዙ ጊዜ ግን የሚመለሰው ግላኮማ ያለበት ሰው ነው። የዓይን ግፊት ነርቩን ይጎዳዋል፤ የጠፋው ብርሃን በቀዶ ሕክምና አይመለስም። የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል፤ ስለዚህ የዓይን ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጂው። ግላኮማ ከሆነ በዘር ስለሚሄድ አንቺና ወንድሞችሽም ታዩ። ምክንያቱን ለአባትሽ ሳያስረዱ መመለሳቸው ግን ጥፋት ነው። አንድ ሽማግሌ በበቅሎ መጥቶ ለምን እንደማይታከም ሳይነገረው መሄድ የለበትም።

ጾምና ጠበል እንዴት ታደርጋላችሁ?

ቀድመን ከቄሱና ከሼኩ ጋር እንመካከራለን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚደረገው ጠብታ በረመዳንም፣ በሁዳዴም እንዳይቋረጥ ሕዝቡ ከእነሱ ሲሰማ ይቀበላል። ጠበል ለሚጠመቁ ሰዎች የምንለው «ተው» ሳይሆን፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃው ዓይን ውስጥ አይግባ ነው። ካህኑ ራሱ ሰውነቱን ብቻ እንዲያስነካ ሲነግረው ችግር የለም። እናቶች ደግሞ እንጀራ መጋገር ለጥቂት ቀን ይተዉ፤ ጭሱ ይጎዳቸዋል። ይህን ለባሎቻቸውም ፊት ለፊት እንነግራለን፤ ካልሆነ እቤት እንደደረሱ ምጣዱ ይጠብቃቸዋል።

ጅዳ ነው የምሠራው። ትንሽ ገንዘብ መላክ እፈልጋለሁ፣ ምን ላይ ይዋል?

ትራንስፖርትና ምግብ ላይ። የማያይ ሰው ብቻውን አይመጣም፤ የሚመራው ሰው አብሮ ሥራ ይፈታል። ሕክምናው ነፃ ሆኖ በመኪና ሒሳብ የቀረ ብዙ ሰው አለ። ለሁለቱ መመላለሻና የአዳር ምግብ ከከፈልሽ፣ በርግጥ አንድ ዓይን አብርተሻል።

ይህ ሁሉ ዘመቻ ለታይታ አይደለም? መንግሥት ሆስፒታሉን ቢያጠናክር አይሻልም?

ጋሼ፣ ግማሹ ትክክል ነዎት። መጥቶ የተሠራውን ሰው ቆጥሮ፣ ፎቶ አንስቶ የሚሄድ ዘመቻ አለ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ሴት ዓይኗ መግል ይዞ ስትመጣ፣ የሠራት ሐኪም የለም፤ ጤና ጣቢያው ምን እንደተደረገላት አያውቅም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመም ሲጨምር ወይም እይታ ሲቀንስ ያው ቀን መታየት አለበት። ይህን የሚቀበል ሰው ያላዘጋጀ ዘመቻ ባይመጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥሩው ዘመቻ ግን ሆስፒታሉን ያጠናክራል። የአካባቢው ሐኪም ከእንግዳው ጎን ሆኖ ይሠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የታካሚዎቹን ዝርዝር ይዛ በማግሥቱም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም ማን እንደቀረ ታውቃለች። መሣሪያ መቀቀያው እዚያው ይቀራል። ሐኪም ተመርቆ እስኪመጣ ባሉት ዓመታት ደግሞ የታወሩት ሰዎች በጨለማ ሊጠብቁ አይገባም።

የልጄ ዓይን መሐል ነጭ ነገር ይታየኛል። ዘመቻው ለጥር ነው ተብሏል።

አትጠብቂ! ዛሬ ነገ ሳትዪ ሆስፒታል ውሰጂው። የሕፃን ሞራ ከዘገየ አእምሮው በዚያ ዓይን ማየትን ሳይለምድ ይቀራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ነጩ ነገር ዕጢ ይሆናል። ሕፃናት የሚሠሩት በሙሉ ሰመመን ስለሆነ በገጠር ዘመቻ አንሠራቸውም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሪፈር ጻፉልኝ በይ፤ የዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል እንዲሆን አጥብቀሽ ጠይቂ።