30 ዕቃ ወይስ 12? የኪስ የአደጋ ኪት እንዴት ይፈተሻል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኞቼ ጋር ጫካና ተራራ መጓዝ ጀምሬያለሁ። ለክፉ ቀን የሚሆኑ ሁለት የኪስ ኪቶች አሉኝ። አንዱ በቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ «30 ዕቃ» ይላል። ሌላው ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ 12 ዕቃ ብቻ ይዟል። የትኛውን ልያዝ? ሳይቸግረኝ በፊት የምፈትሽበት መንገድስ አለ?

መልስ፦ ሰላም ወንድማችን። ከቁጥሩ እንጀምር፣ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ሳጥኑን ዘርግፈህ ቁጠር። መንጠቆዎቹ፣ የዓሣ ማጥመጃው ክር፣ መርፌ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ነው 30 የሚሞላው። ዓሣ ማጥመጃ ደግሞ አይቸኩልም፣ ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ያለ ውሃ ግን የቀናት ጉዳይ ነው፣ ልብሱ በዝናብ ርሶ ነፋስ ከመታው ደግሞ ነገሩ ወደ ሰዓታት ይወርዳል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ ይባላል፣ ለዚህ ደግሞ የግድ በረዶ እስኪዘንብ አይጠበቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ኪት ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና ሦስት ነገር ጠይቅ። የሚያሞቀኝ የቱ ነው? ንጹህ ውሃ የሚያጠጣኝ የቱ ነው? ፈላጊ እንዲያገኘኝ የሚያደርገው የቱ ነው? ለአንዱም መልስ ያልሆነውን ዕቃ ወደ ጎን አድርገው።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጣ። እጅህን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆየውና ጣትህ ደንዘዝ ሲል ኪቱን ለመክፈት ሞክር። እኔ ለማንም ሰው መጀመሪያ የምመክረው ፈተና ይሄ ነው። ቤት ውስጥ በደረቅ እጅ በቀላሉ የሚከፈተው የቆርቆሮ ክዳን፣ ጣት ሲደነዝዝ በጥፍር አልላቀቅ ይላል። ታግለህ ስትከፍተው ደግሞ በአንዴ ብድግ ይልና ውስጥ የታጨቀው ሁሉ ሣር ላይ ይበተናል፤ ክብሪቱ እርጥብ መሬት ላይ፣ ክኒኖቹ ሣር ውስጥ፣ ምላጩ የት እንደወደቀ አታውቅም። ይህንኑ በጨለማ፣ ከዚያም በአንድ እጅ ብቻ ድገመው። የወደቀ ሰው አንድ እጁ ሊጎዳ ይችላልና።

ውሃ ያስገባ እንደሆነ ለማወቅ ዕቃውን አውጣና ደረቅ ሶፍት አስገብተህ ዝጋው። ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጭነህበት አሳድረው። ጠዋት ሶፍቱ ረጥቦ ካገኘኸው ክብሪትህም ይረጥብ ነበር ማለት ነው። ማጠፊያ ያላቸው ቆርቆሮዎች አብዛኞቹ እዚህ ይወድቃሉ። ዙሪያቸውን በኤሌክትሪክ ፕላስተር መጠቅለል ይረዳል፣ ግን ያንን ፕላስተር በደነዘዘ ጣት መላጥ እንደምትችል እንደገና ሞክር።

የሽቦ መጋዙን ዝም ብለህ አትመነው። የክንድ ውፍረት ያለው ደረቅ እንጨት ቁረጥበት። ሽቦው ከተጠማዘዘ እዚያው ላይ ይበጠሳል። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የምታክለዋን ኮምፓስ ከደህና ኮምፓስ ጋር አስተያያት፣ ግን ከቆርቆሮው፣ ከቢላዋውና ከስልክህ አርቀህ። መርፌዋ ስትነካካት ብቻ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ባትይዛት ይሻላል፣ ተሳስቶ የሚመራ ኮምፓስ ጨርሶ ከሌለ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ውሃው፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኪት የውሃ ማከሚያ ክኒን አለው፣ ውሃው የሚቀዳበት ዕቃ ግን የለውም። ክኒኑ ላይ ለስንት ሊትር እንደሆነ ተጽፏል። መያዣ ከሌለህ ምኑ ውስጥ ትጨምረዋለህ? ስንት ሊትር መሆኑንስ በምን ታውቃለህ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤምአይ 9 የተባለው የእንግሊዝ የስለላ ክፍል አውሮፕላናቸው ለሚመታባቸው አብራሪዎች የኪስ ሣጥን አዘጋጅቶ ነበር። የዚያ ሥራ ሰው ክሪስቶፈር ክሌይተን ሃተን ነው፣ መጀመሪያ ላይም ጠፍጣፋ የሲጋራ ቆርቆሮ ነበር የተጠቀመው። በነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ሃላዞን ከሚባለው የውሃ ማከሚያ ክኒን ጋር የጎማ የውሃ ከረጢት አብሮ ነበር። ያኔ የታሰበበት ነገር ዛሬ ሲቀር ያናድዳል። አንተ 1 ሊትር የሚይዝ፣ የሚታጠፍ ጠንካራ ላስቲክ ጨምርበት፤ ቀድመህ በታወቀ ዕቃ ለክተህ 1 ሊትሩ እስከየት እንደሚደርስ በማይለቅ ቀለም አስምርበት። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በጨርቅ አጥልለው። የክሎሪን ክኒን ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተውሳክ ግን አይገድለውም። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ይሻላል፣ ለእሱም እስከ 4 ሰዓት መጠበቅ አለብህ። ማፍላት ከቻልክ ሁሉም ያልቃል፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆንክ 3 ደቂቃ።

ስለዚህ የ12ቱን ያዝ። ላስቲኩን፣ አንድ ላይተርና ትንሽ ባትሪ ጨምርበት። የባትሪውን ድንጋይ ለብቻው አስቀምጥ፣ አለዚያ ሳታውቀው በርቶ ያልቃል። ከ30ው ደግሞ ቆርቆሮውን አትጣል፣ ቀለም የሌለው ከሆነ ውሃ ይፈላበታል። እና ኪቱ ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሻንጣውን አስቀምጦ «እዚህ ጋ ደርሼ ልምጣ» ሲል ነው።

ጥያቄ፦ ኪቴ ውስጥ ያለው ፌሮ ሮድ (ሲፈቅ ብልጭታ የሚሰጠው የብረት ዘንግ) ብፍቀው ብፍቀው ጥቁር ዱቄት እንጂ ብልጭታ የለውም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። አዲስ ሮድ ዝገት እንዳይነካው ጥቁር ሽፋን ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ አንዱን ጎን በደንብ ፋቂው። የምትፍቂበት ብረት ጠርዙ ስል መሆን አለበት፣ የቢላዋው ጀርባ ከተሞረደ እሱም ይሆናል። ሌላው ምስጢር፣ ቢላዋውን ወደፊት አትግፊ። እሱን አንድ ቦታ ያዥና ሮዱን ወደ ኋላ ሳቢው፣ አለዚያ የሰበሰብሽውን ማቀጣጠያ ትበትኚዋለሽ። ይህን ቅልቅል ብረት እ.ኤ.አ. በ1903 ያገኘው ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባህ ነው። ብልጭታው ወደ 3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፣ ቢረጥብም ጠርገሽው ይሠራል። ችግሩ ብልጭታው ወዲያው መጥፋቱ ነው። ጥጥ በቫዝሊን ለውሺና ትንሽ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቂው። ስትጠቀሚበት ጫፉን በትነሽ ክሩን አውጪው፤ የተበተነው ክር ብልጭታውን ይቀበላል፣ ቫዝሊኑ ደግሞ እሳቱን ለደቂቃዎች ያቆየዋል። ላይተርም ይኑርሽ። በጣም ከቀዘቀዘ ጋዙ አይወጣምና ብብትሽ ውስጥ አሙቂው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፣ አሁንም እጓዛለሁ። ያችን የምታብረቀርቅ ስስ ብርድ ልብስ ለብሼ አንድ ሌሊት ውጭ አደርኩ። ሲበርደኝ አደረ። ዝም ብሎ ማስታወቂያ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም አባታችን፣ ግን ብቻዋን አትበቃም። ይህ ዓይነቱ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ለናሳ የጠፈር ሥራ የተሠራ ነው። ከሰውነትዎ የሚወጣውን ጨረራማ ሙቀት ይመልሳል፣ ነፋስና ዝናብም ይከላከላል። መሬቱ ከሥር የሚመጠውን ሙቀት ግን አያስቆምም። ምናልባት ያበረደዎት መሬቱ ነው። ደረቅ ቅጠል ወይም ሣር ወፍራም አድርገው ያንጥፉ፣ ሲተኙበት ስለሚጨፈለቅ ይበቃል ካሉት በላይ ይጨምሩ። ገመድና ሻንጣም ካለ ከሥር ይግባ። እንደ ከረጢት የተሰፋውን ዓይነት ቢይዙ ይመረጣል፣ አንሶላው በነፋስ ይገለጣል፣ አንዴ ከተቀደደም ቅዳዱ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ከእኛ ጋር ትጓዛለች። ለእሷ ምን ልያዝላት?

መልስ፦ ምላጭም ክብሪትም አይሁን። ፊሽካና ከላይ የምታጠልቀው ደማቅ ቀለም ያለው ትልቅ ላስቲክ ይበቃታል። ላስቲኩ ላይ ፊቷ የሚወጣበትን ቀዳዳ አንቺው ቀድመሽ ቅደጂ፣ ጭንቅላቷን አስገብታ እንዳትታፈን። ፊሽካው ውስጡ ኳስ የሌለበት ይሁን፣ ኳሱ ሲረጥብ ወይም ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል። ሦስት ጊዜ ነፍታ እንድታርፍ፣ ከዚያ እንድትደግም አስተምሪያት። በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ከሆናችሁ ምልክቱ በደቂቃ 6 ጊዜ ነው፣ ሰምቶ የሚመልስ ሰው 3 ጊዜ ይነፋል። ከሁሉ በፊት ግን እንደጠፋች ካወቀች ባለችበት እንድትቆም ንገሪያት። ጫካ ዳር ሆናችሁ በጨዋታ መልክ ተለማመዱት፣ አንቺ ተደበቂና እሷ ትንፋ። ፊሽካውን አንገቷ ላይ አታንጠልጥዪ፣ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። የጃኬቷ ዚፕ ላይ እሰሪላት።