ወገቧን ይዛ መስታወት ፊት የቆመችው ልጅ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ፦ «ልጄ ከተመረቀች ዓመት ሆናት፣ ሁለት ኢንተርቪው ገብታ "ስለ ራስሽ ንገሪን" ሲሏት ድምጿ ጠፍቶባት ወጣች። ባለቤቴ ዩቲዩብ ላይ የሆነ ነገር አይቶ በየማለዳው መስታወት ፊት ወገቧን አስይዞ ያቆማታል። እናቴ ገብታ አይታት "ከማን ልትጣላ ነው?" አለች። እኔም ልጄ ዓይን አውጣ እንድትሆን አልፈልግም ብዬው ተጣላን፣ ይኸው ሳንነጋገር ሳምንታችን። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ እማማ አሳቁኝ ግን እውነት አላቸው፣ እኛ ጋ ወገብ ይዞ መቆም ያው ለጠብ ነው። ባለቤትዎ ያዩት የኤሚ ከዲን የ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ንግግር ይመስለኛል፣ ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ ያደረገችውን፣ ያኔ ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል የምታስተምር፣ ሰው ከሰው ጋር ያለውን ባህርይ የምታጠና ሶሻል ሳይኮሎጂስት ነበረች። እሷም ብትሆን ሰው ፊት እንዲህ ቁሙ አላለችም፣ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤትም ቢሆን ገብታችሁ ብቻችሁን ሁለት ደቂቃ ነው ያለችው። ለሱም ብዙ አይጠብቁ። በ2010 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር 42 ሰው ላይ ሠርተው አቋቋም ሆርሞን ይቀይራል ብለው ነበር፣ በ2015 ሌሎች 200 ሰው ላይ ሲደግሙት የሆርሞኑ ነገር የለም፣ ሰዎቹ ጉልበት ተሰማን ማለታቸው ብቻ ተገኘ፣ ከባልደረቦቿ አንዷም በ2016 አላምንበትም ብላ በይፋ ጻፈች።

ለልጅዎ የሚጠቅመው የቀደመው ሥራዋ ነው ባይ ነኝ። በ2002 ከአስተማሪዋ ከሱዛን ፊስክና ከሌሎች ጋር ያወጡት ጥናት ሰው ስለ ሌላው ሲፈርድ ሁለት ነገር ያያል ይላል፣ ልቡ ቀና ነው ወይ? ደግሞስ ይችላል ወይ? ሽማግሌን ደግ ግን አቅም የለውም፣ ሀብታምን ይችላል ግን ልቡ ደረቅ ነው የምንለው ከዚሁ ነው። ልጅዎ አንገቷን ደፍታ ከገባች «ጨዋ ናት፣ ሥራው ግን ይከብዳታል» ሊሏት ነው፣ አባቷ እንዳሉት ደረቷን ነፍታ ከገባች ደግሞ ትዕቢተኛ።

ኤሚ ራሷ 19 ዓመቷ ላይ የመኪና አደጋ ጭንቅላቷን ጎድቷት ዩኒቨርሲቲ አትጨርሺም ተብላ ነበር፣ ከጓደኞቿ አራት ዓመት ዘግይታ ጨረሰች። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ገብታም የመጀመሪያ ዓመት ፕሬዘንቴሽኗ ዋዜማ ሌሊት ፊስክ ጋ ደውላ ላቆም ነው ስትላት አታቆሚም አለቻት፣ በቃ። ያን ሌሊት ያጸናት ሰው ነው፣ መስታወት አይደለም እኮ።

እና መስታወቱን ይተዉት። ዛሬ ማታ ቡና ይፈላ፣ ባለቤትዎን እርሶ ይጥሯቸው (ማን ይቅደም አይባባሉ)፣ እሳቸው አለቃ ሆነው ይቀመጡና «ስለ ራስሽ ንገሪን» ይበሏት። ራሷን ማሞገስ ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት፣ ድምጿ የሚጠፋው እዛ ጋ ነው፣ ስለዚህ አሞግሺ ሳይሆን የሠራሽውን ተናገሪ በሏት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን በሦስት ዓረፍተ ነገር። ስትሳሳት አያርሟት፣ ትድገመው። እማማም ይጠይቋት፣ እሳቸውን ካለፈች የቢሮው ቀላል ነው።