መልስ፦ «እስከ አምስት ዓመት የእናት ናት» ስለተባልከው

ወንድሜ፣ የአራት ዓመት ልጅህን እናቷ እንደማታሳይህ፣ ሰዎችም «እስከ አምስት ዓመት የእናት ናት» እንዳሉህ ጽፈሃል። ይህ አባባል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ትዝታ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከባድ ምክንያት ሲኖር ይቀር ነበር። ዛሬ አንተ ባለህባት አዳማ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ የወላጆቹን ሳይሆን የልጁን ጥቅም ያስቀድማል።

ስለዚህ ልጅቷን የማሳደግ ኃላፊነት ለእናቷ ቢሰጥ እንኳ፣ የምትጎበኛት ቀንና ሰዓት ተለይቶ እንዲወሰንልህ ለፍርድ ቤት አመልክት። የልደት ምስክር ወረቀቷንና የፍቺ ውሳኔውን ግልባጭ ያዝ። ቀለቡን ግን በእናቷ ቂም ይዘህ አታቋርጥ፤ ቀለቡ የልጅቷ እንጂ የእናቷ አይደለም። የከፈልክበትን የባንክ ደረሰኝም አስቀምጥ።