ለደንበኞች የታደለ ፕሮግራምን ምንጭ ኮድ መደበቅ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፌ፣ ፓይኢንስቶለር በተባለ መሣሪያ ወደ አንድ ፋይል ጠቅልዬ ለደንበኞች አከፋፍያለሁ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ግን ኮዴን ከዚያው ፋይል በአንድ ምሽት አውጥቶ አሳየኝ፤ የማዕከላዊው ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ሳይቀር ተገኘበት። ማንም እንዳያነበው አድርጎ መቆለፊያ መንገድ አለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደከሙበት ሥራ እንዲህ በቀላሉ መገለጡ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ይገባናል። ሆኖም በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራን ፕሮግራም ፈጽሞ እንዳይነበብ ማድረግ አይቻልም፤ ፕሮሰሰሩ ትእዛዞቹን ለመፈጸም የግድ ሊያነባቸው ስለሚገባ፣ እርሱ ያነበበውን የኮምፒዩተሩ ባለቤትም ሊያነበው ይችላል።

ፓይኢንስቶለር ባይትኮዱን (ፓይተን ከጻፉት ኮድ የሚያዘጋጀውን መካከለኛ ኮድ) እና ይህንኑ የሚያስፈጽመውን የፓይተን ተርጓሚ አንድ ላይ ይጠቀልላል እንጂ አይደብቅም፤ ባይትኮዱም የሰጧቸውን ስሞች ይዞ ስለሚቆይ ወደ ፓይተን ለመመለስ ብዙ አያስቸግርም። ቀድሞ ባይትኮዱን የማመስጠር አማራጭ ነበረው፤ ነገር ግን መፍቻ ቁልፉ እዚያው ፋይል ውስጥ አብሮ ስለሚጓዝ ጥበቃው እምብዛም ሆኖ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 6.0 እትም እንዲቀር ተደርጓል።

ከኮዱ ይልቅ እኛን ያሳሰበን የይለፍ ቃሉ ነው። ኮድ ቢገለበጥ የሚጎዱት እርስዎ ሲሆኑ፣ ዳታቤዙ ቢከፈት ግን አምነው መረጃቸውን የሰጡዎት ደንበኞች ሁሉ ይጎዳሉ። ስለዚህ የተከፋፈሉት ቅጂዎች ለጊዜው ሥራ ቢያቆሙም እንኳ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይለውጡት፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ዳታቤዙን በቀጥታ እንዳይነካ፣ ጥያቄውን እርስዎ ለሚያስተዳድሩት ሰርቨር እንዲያቀርብ፣ እያንዳንዱ ደንበኛም በራሱ መለያ ገብቶ የራሱን መረጃ ብቻ እንዲያይ አድርገው ያዋቅሩት። ከሌሎች የሚለይዎት የስሌት ዘዴ ካለም ወደዚያው ሰርቨር ያዛውሩት፤ ደንበኛው እጅ ያልገባ ኮድ ከደንበኛው ፋይል ሊወጣ አይችልምና። በእርግጥ ይህ ፕሮግራሙን በኢንተርኔት ላይ ጥገኛ ያደርገዋል።

በደንበኛው ዘንድ ለሚቀረው ክፍል፣ ኑይትካ ወይም ሳይተን የተባሉት መሣሪያዎች ፓይተኑን በሲ ቋንቋ በኩል ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደሚፈጽመው የማሽን ኮድ ስለሚለውጡት ማንበቡን በጣም ያከብዱታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ በ2019 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው ጊድራ የተባለ የፕሮግራም መመርመሪያ የማሽን ኮድን ሲ ወደሚመስል ጽሑፍ ይመልሳል፤ ታጋሽ መርማሪ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ደንበኛው ፕሮግራሙን እንዲጠቀም የሚፈቅደውን የፈቃድ ፋይል በሚስጥር ቁልፍዎ ቢፈርሙና በፕሮግራሙ ውስጥ ፊርማውን ለማረጋገጥ የሚያገለግለውን ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ቢያስቀምጡ ሐሰተኛ ፈቃድ ማዘጋጀት አይቻልም፤ ሆኖም የማረጋገጫውን መስመር ከፕሮግራሙ ቆርጦ የሚጥል ሰው ሊኖር ይችላል።

የቀረው የሕግ ጉዳይ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አንቀጽ 10 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ጥበቃው ግን ለአጻጻፉ እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። ኮድዎ ተገልብጦ ቢያገኙት ባለቤትነትዎን ለማስረዳት ይረዳዎት ዘንድ፣ የእያንዳንዱን ለውጥ ቀን የሚመዘግብ የጊት ማኅደር ከአሁኑ ይያዙ።